የሎሚው አዋጅ

«ክቡራትና ክቡራን የዚህ ቤት ነዋሪዎች፣ ትኩረታችሁን እንጠይቃለን። ከዛሬ ጀምሮ በረኪና፣ የዱቄት ሳሙና፣ እንዲሁም በጠርሙስ ታሽጎ የሚሸጥ ማናቸውም የጽዳት ፈሳሽ የዚህን ቤት ደፍ እንዳያልፍ ተወስኗል። ከእንግዲህ ቤቱ የሚጸዳው በሎሚ፣ በአቼቶ፣ በጨው፣ በቤኪንግ ሶዳ፣ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝም በአመድ ይሆናል። ስለ ትብብራችሁ እናመሰግናለን።»

አባቴ ይህን አዋጅ ያወጀው በምሳ ሰዓት፣ ከወንበሩ ተነስቶ፣ የሾርባ ጭልፋውን አፉ ሥር ደቅኖ ነው። ክቡራትና ክቡራን የተባልነው ነዋሪዎች እኔ፣ እናቴና አንዲት ግራጫ ድመት ነበርን። ድመቷ አዋጁ ሳያልቅ ተነስታ ወጣች። እናቴ ከሾርባዋ ላይ ዓይኗን አላነሳችም። እኔ አጨበጨብኩ። ገና ትምህርት ቤት መግባቴ ነበርና፣ ቆሞ ለሚናገር ሰው ሁሉ ማጨብጨብ ግዴታ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ የአውቶቡስ መናኸሪያ አስታዋቂ ነበር። ከመናኸሪያው መሀል ባለች የመስታወት ክፍል ተቀምጦ የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው በር እንደሚነሳ በማይክሮፎን ይናገራል፤ ድምፁ በየምሰሶው ከተሰቀሉት የድምፅ ማጉያዎች ይወጣል። ቤታችን ከመናኸሪያው አጥር ጀርባ፣ ዳገቱ ላይ ስለነበረ፣ የሌሎች ልጆች አባቶች ጠዋት ወጥተው ሲጠፉ የእኔ አባት ጠዋት ወጥቶ ይባዛል። በመስኮት ይገባል፣ ከጣሪያ ላይ ይወርዳል፣ ከታጠበው ልብስ ጋር ገመድ ላይ ይንጠለጠላል። «ክቡራትና ክቡራን መንገደኞች» ሳይል አፉን ስለማይከፍት የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ክቡራን» ይለው ነበር። እሱም አይከፋውም፤ እንዲያውም ኮቱን ያስተካክላል።

የሙያው ዋና ሕግ አንድ ነበረች፣ ብዙ ጊዜ ነግሮኛል። «አውቶቡሱ ዘግይቷል ይባላል እንጂ ለምን እንደዘገየ አይባልም። ምክንያት የሰማ መንገደኛ ይከራከራል። ምክንያት ያልሰማ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።» ይህችን ሕግ ቤቱም ይዟት ይመጣ ስለነበር፣ የሎሚው አዋጅም ምክንያት አልተነገረለትም። እኛም ሻንጣችን ላይ ተቀመጥን።

እኔ ግን ምክንያት ለማበጀት ሰው አልጠበቅሁም።

የማውቀው ይህን ያህል ነበር። እናቴ ሆዷ ትልቅ ነበር፤ ወንድም ሊመጣልኝ ነው ተብሎ ትንሽ አልጋ ተገዝቷል። አንድ ቀን ወደ ሆስፒታል ሄደች፣ ሆዷም ወንድሜም ሳይኖሩ ተመለሰች። «ቀረ» አሉኝ። በመናኸሪያ ቋንቋ የቀረ አውቶቡስ በማግሥቱ ጠዋት ይነሳልና፣ በማግሥቱ ጠዋት በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ከዚያ በኋላ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የምትተኛበት ረጅም ጊዜ መጣ። ከዚያ ደግሞ ጎረቤት ቤት ያደርኩበት ቀን መጣ፤ «እናትሽን ሆዷን አሟት ነው፣ የማይስማማት ነገር በልታ» አሉኝ። ዋዜማውን እርጎ ስትበላ አይቻለሁ። ነገሩ ግልጽ ነበር። እኔም እርጎን ያን ቀን ከሕይወቴ አሰናበትኩት፤ ሰላሳ ዓመት አልፎኝ ዛሬም በደህና ዓይን አላየውም።

እርጎው ንጹሕ ነበር። እናቴ የማይስማማት ነገር አልበላችም፤ የጠጣችው ነበር፤ ጠርሙሱም ከኩሽናችን የዕቃ ማጠቢያ ሥር የወጣ ነበር። ይህን የሚያውቁት እሷ፣ አባቴና ሐኪሙ ብቻ ነበሩ። አዋጁ የታወጀው ከሆስፒታል በተመለሰችበት ሳምንት ነው።

እኔ የደረስኩበት መደምደሚያ ሌላ ነበር፤ አባቴ ቋጣሪ ሆነ። ይህን ራሴ አልፈጠርኩትም። የፊት ለፊቷ ጎረቤታችን አንሶላዎቿ ከገመድ ላይ ሆነው ዓይን የሚያጥበረብሩ ሴት ነበረች፤ «ነጭ በነጭ» ነበር የምንላት። እሷ ለባለሱቁ ስትነግረው ሰምቻለሁ። «ጋሽ ክቡራን ቋጣሪ ሆኗል። ሚስቱን ድስት በአመድ ያስፈትጋታል። አመድ በዱቄት ይስቃል ሲባል እሰማ ነበር፤ በሳሙና ሲስቅ ግን ዘንድሮ ነው ያየሁት።»

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። የቆየ ማንቆርቆሪያ ውስጥ አቼቶ ከውሃ ጋር አፍልተን፣ የውስጡን ነጭ ቅርፊት በማንኪያ ጀርባ እንልጣለን። ያረረ ድስት ላይ ጨውና ቤኪንግ ሶዳ ነስንሰን፣ ውሃ አርከፍክፈን፣ እስኪለቅ ድረስ ፊቱ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። የመዳብ ማሰሮውን በግማሽ ሎሚና በጨው ስንፈትገው ከጥቁረቱ ሥር ፀሐይ ትወጣለች። መስኮት በአቼቶና በአሮጌ ጋዜጣ ይወለወላል። ነጭ ልብስ ከተቆራረጠ ሎሚ ጋር ተቀቅሎ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ የቀረውን ፀሐይ ትጨርሰዋለች። ከሁሉም የምወደው የማጠቢያው ቧንቧ ሲጸዳ ነበር። ሶዳውን እናቴ ትጨምራለች፣ አቼቶውን እኔ አፈስሳለሁ፣ ቧንቧው ከጉሮሮው አረፋ እያወጣ ይስቃል። በዚያ ቤት ያኔ የሚስቅ እሱ ብቻ ነበር።

አባቴ ደግሞ ሹመት ሰጠኝ። ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት ጎንበስ ብሎ የኮሌታዬን ቁልፍ እየቆለፈ፣ «አንቺ የሎሚ ኃላፊ ነሽ» አለኝ። «ከትምህርት ቤት እንደመጣሽ እማዬ የምትሠራውን ሁሉ አብረሽ ትሠሪያለሽ። ብቻዋን አትተያትም። በር ከተዘጋ ታንኳኪያለሽ። ዝም ካለች ጥያቄ ትጠይቂያታለሽ።»

«ምን ብዬ?»

«ያሻሽን። ብቻ እስክትመልስ ድረስ።»

ጠዋት ጠዋት እኔ ትምህርት ቤት ስሆን እሱ በየእረፍቱ ብቅ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ተራው የእኔ ነው። ሹመቴን ከሚገባው በላይ በቁም ነገር ያዝኩት። እናቴ መታጠቢያ ቤት ገብታ ብትዘጋ እኔ ውጭ ነኝ። «እማዬ፣ ዓሣ ይጠማዋል?» ዝም። «እማዬ፣ ድመት አያቷን ታውቃለች?» ዝም። «እማዬ፣ ዝሆን ጥርሱን በምን ይፍቃል?» ከረጅም ጊዜ በኋላ በሩ ውስጥ ሆና፣ በዚያ በደከመ ድምፅ፣ «በሎሚ» አለች። ከሆስፒታል ከመጣች ወዲህ ከአፏ የወጣ የመጀመሪያው ቀልድ ነበር። ማታ ለአባቴ ስነግረው ሹካውን አስቀምጦ፣ «ደግመሽ ንገሪኝ» አለኝ። ደገምኩለት። «በምን ዓይነት ድምፅ?» አለኝ። ቀልድ ያልገባው መስሎኝ አዘንኩለት።

በልጅ አእምሮዬ እናቴ እስረኛ፣ አባቴ ዋርድያ፣ እኔ ደግሞ ያለ ፈቃዴ ወሬ አቀባይ ነበርን። አሁን ሳስበው በረኪና የአንድ ሰው ሥራ ነው፤ አንዲት ሴት ብቻዋን፣ በሩን ዘግታ፣ ደፋ አድርጋ ትጨርሰዋለች። ሎሚ ግን ቆራጭና ጨማቂ ይፈልጋል፣ መጠበቅ ይፈልጋል፣ ከሰዓቱን ሙሉ ይፈጃል። ሁለት ሰው ካልሆነ አይሆንም። አባቴ ከሎሚ የፈለገው ይህን ነበር እንጂ ንጽሕናውን አልነበረም።

ሌላም ያልገባኝ ነገር ነበር። ያን ሰሞን ማስታወቂያው በዛ። አውቶቡስ በሌለበት ሰዓት እንኳ ድምፁ ይመጣል። «ክቡራትና ክቡራን መንገደኞች፣ ንብረታችሁን በቅርብ ተከታተሉ።» ትንሽ ቆይቶ፣ «ክቡራትና ክቡራን፣ ልጆቻችሁን በእጃችሁ ያዙ።» ትንሽ ቆይቶ፣ «ክቡራትና ክቡራን፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው።» የመናኸሪያው ኃላፊ ጠርቶት፣ «ሰውዬ፣ መንገደኛው ጆሮው ላይ ጥጥ እየወተፈ ነው» ብሎታል አሉ። አባቴ እሺ ብሎ ተመልሶ፣ መንገደኞች በረጅም ጉዞ ላይ ውሃ እንዲጠጡ አሳሰበ። ድምፁ በመስኮት በገባ ቁጥር የእናቴ እጅ ሎሚው ላይ ትንሽ ይቆማል፣ ከዚያ ይቀጥላል። እሱ ከዚያ ሆኖ ለማን እንደሚናገር ከእኔ በቀር የማያውቅ አልነበረም መሰለኝ። ቢያንስ እሷ ታውቅ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው አክስቴ የመጣች ቀን ነው።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ በሌላ ከተማ የአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ነበረች። ሰውን የምትመዝነው በአንሶላው ነው። ሰላምታዋም፣ «እንዴት ናችሁ፣ ይሄ ትራስ ልብስ ምን ሆኖ ነው?» ነበር። ስለ ሆስፒታሉ የተነገራት ለእኔ የተነገረኝ ነው፤ እርጎውን እንኳ እኔ ነኝ የጨመርኩላት።

ያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ገብታ ገና ሻርፗን ሳታወልቅ ዓይኗ ሳሎኑ መሀል ላይ ቀረ። ለሠርጋቸው የሰጠቻቸው እብነ በረድ የለበሰች ትንሽ ጠረጴዛ ነበረች። አባቴ ሰሞኑን በአዋጁ መሠረት በሎሚ ወልውሏት፣ ብልጭልጩ ተገፎ መሀሏ ላይ ካርታ የመሰለ ድብዝዝ ያለ ነጭ ጠባሳ ወጥቶ ነበር።

«ይሄ ምንድነው?» አለች።

«ጠረጴዛ ነዋ» አለ አባቴ።

«ጠረጴዛ መሆኑንማ አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ የገዛሁት። ላዩን ምን በልቶት ነው?»

«ሎሚ አርፎበት ነው።»

«እብነ በረድ ላይ ሎሚ? አንተ ልጅ፣ ጤና አለህ? ሎሚ እብነ በረድ ይበላል እኮ። ቀድሞ ነገር ሎሚ ከጠረጴዛ ጋር ምን ያገናኘዋል?»

«አዋጅ ወጥቷል» አልኳት እኔ፣ ለማገዝ።

አክስቴ ወደ ኩሽና ገባች። ቁም ሳጥኖቹን ከፈተች፣ የማጠቢያውን ሥር አየች፣ የሎሚ ቅርፊቱን ዘንቢል፣ የአመዱን ቆርቆሮ፣ የአቼቶውን ጠርሙስ አየች። ከዚያ የእናቴን እጅ ይዛ ገለበጠችው። ጣቶቿ በጨውና በሎሚ ተሰነጣጥቀው ነበር። አክስቴ እጁን ቀስ ብላ መለሰችው። አባቴን ወደ ጓሮ ጠራችው። እኔ የቆሸሸ ነገር የምፈልግ መስዬ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ።

«ገና ከአልጋ የተነሳች ሴት ናት። እጇን አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ይበል።»

«ቤትህ ሰላጣ ሰላጣ ይሸታል። እንግዳ ሲገባ ሹካ ነው የሚፈልገው።»

«ይፈልግ።»

«ቋጥረህ ነው? ንገረኝ። እኔ እህትህ ነኝ።»

«እሺ፣ ቋጣሪ በይኝ።»

ከዚያ አባቴ፣ በጭራሽ በማላውቀው ዝቅ ያለ ድምፅ፣ «እትዬ፣ ብቻዋን አትሁን ነው እኔ የምለው» አላት።

«ብቻዋን ብትሆን ምን ትሆናለች?»

ይህን ጥያቄ ነበር መመለስ የነበረበት። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የአባቴን ሆድ ግን ማይክሮፎንም አላወጣውም። እሷ ብታውቅ ነገ ሆቴሉ ያውቃል፣ ከነገ ወዲያ ዘመድ አዝማድ ያውቃል፣ ከዚያ በኋላ እናቴ የትም ብትገባ ወሬው ቀድሟት ይቀመጣል ብሎ ፈርቶ ነበር። ሲናገር የሚውል ሰው የሚፈራው ወሬን ነው። «አውቶቡስ አለብኝ» ብሎ ወጣ። እኔ መስኮቱ ሥር የተረዳሁት፣ እናቴ ብቻዋን ከሆነች ሥራ ትለግማለች ማለቱ ነው ብዬ ነው። ጨካኝ አልኩት።

እሱ እንደሄደ አክስቴም ወጣ ብላ ተመለሰች። ሻርፗ ሥር የያዘችው ነገር ነበር። ኩሽና ገብታ፣ ግራ ቀኝ አይታ፣ አወጣችው። ሰማያዊ ክዳን ያለው የበረኪና ጠርሙስ።

«እንቺ» አለቻት እናቴን። «የሱን አትስሚ። ማጠቢያው ሥር ከኋላ አድርጊው፤ ወንድ ልጅ እንደሆነ ጎንበስ ብሎ አያይም።»

እናቴ እጇን አልዘረጋችም። «ይቅርብኝ፣ እትዬ» አለች።

«ምን ይቅርብኝ ነው? እጅሽ አልቆ።»

«እትዬ፣ ይውሰዱት።»

«ኧረ ተይኝ» አለችና ጠርሙሱን በእናቴ መዳፍ ላይ አስቀምጣ ጣቶቿን አንድ በአንድ እላዩ ላይ አጠፈቻቸው። ፍቅር ነበር። እንደዚያ ያለ ፍቅር እስከ ዛሬ ያስፈራኛል። ከዚያ ግንባሯን ሳመቻት፣ እኔን «አንቺ ደግሞ አፍሽን ዝጊ» አለችኝ፣ ቦርሳዋን አንስታ አውቶቡስ ልትይዝ ወደ መናኸሪያ ሄደች።

እናቴ ዝቅ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ጠርሙሱ ጉልበቷ ላይ ነበር፤ በሁለት እጇ ይዛዋለች። እኔ ደስ ብሎኛል። ዛሬ ሥራ ቶሎ ያልቃል፣ ጨዋታ ይኖራል።

«ሎሚ አለ?» አለችኝ፣ ጠርሙሱን እያየች።

ዘንቢሉን አየሁ። «አንድ የደረቀ አለ።»

«ሂጂ ከባለሱቁ አምጪ።»

«አባዬ ብቻሽን እንዳልተውሽ ብሏል።»

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ረግቶ ነበር፤ ስንት ጊዜ ጭፍግግ ብሎ የኖረው ፊት ተፍታቶ፣ ለስልሶ ነበር። ያን መርጋት ወደድኩት። ዛሬ ሲታወሰኝ ሰውነቴን የሚሰቀጥጠኝ እሱ ነው። «ሱቁ እኮ እዚሁ ነው» አለች። «ሂጂ፣ የኔ ልጅ።»

ሄድኩ።

ከቤት እንደወጣሁ የአባቴ ድምፅ ከላይ ሆኖ ተቀበለኝ። «ክቡራትና ክቡራን መንገደኞች፣ ወደ ምሥራቅ የሚጓዘው አውቶቡስ በሦስተኛው በር በኩል…» ከዚያ የበር መንኳኳት ተሰማ። ከዚያ፣ ከሰማይ፣ የአክስቴ ድምፅ መጣ። ማይክሮፎኑ ክፍት ነበር።

«ደህና ሁን ልልህ ነው። ደግሞ ብትቆጣም ተቆጣ፤ ሰጥቻታለሁ።»

«ምን?» አለ የአባቴ ድምፅ።

«በረኪና ነዋ። እጇ ላይ አስጨብጬያት ነው የመጣሁት። ከነገ ጀምሮ ቤትህ ቤት ቤት ይሸታል።»

ወንበር ሲወድቅ ተሰማ። ከዚያ ከየምሰሶው እንደ ንብ ጥዝ የሚል ድምፅ ብቻ ቀረ።

ሰፈሩ በሙሉ ቆሞ ሰምቷል። ነጭ በነጭ አንሶላዋን እንደያዘች ገመዱ ሥር ሳቀች። ባለሱቁ ሎሚውን ወደ ከረጢት እየጨመረ፣ «ከአፍ የወጣ አፋፍ ማለት ይሄ ነው» አለ። «አይ ጋሽ ክቡራን፣ ለአንድ ጠርሙስ በረኪና ወንበር ገለበጠ?» ሁሉም ሳቁ። እኔም ልስቅ ስል፣ በመናኸሪያው በር አባቴ ሲወጣ አየሁት።

አባቴ ወፍራም ሰው ነበር፤ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ባርኔጣው የለም። አንድ ጫማው የለም። ጥሩምባ የሚነፋበትን አውቶቡስ ዞር ብሎ ሳያይ በፊቱ አለፈ። ሊገድላት ነው አልኩ በልቤ። ሕጉን ስለጣሰች ሊገድላት ነው። ሎሚውን ከባለሱቁ እጅ ሳልቀበል ዞሬ ሮጥኩ። እኔ ቅርብ ነበርኩና ቀደምኩት።

የኩሽናው በር ከውስጥ ተቀርቅሯል።

«እማዬ፣ አባዬ እየመጣ ነው። ደብቂው።»

ውስጥ ውሃ ይፈሳል። ሌላ ድምፅ የለም። ደበደብኩ። ያ የረሳሁት የሚቆነጥጥ የበረኪና ሽታ በበሩ ሥር እየወጣ አፍንጫዬን ያዘኝ። በር ከተዘጋ ታንኳኪያለሽ። ዝም ካለች ትጠይቂያለሽ። የመጣልኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

«እማዬ፣ ዝሆን ጥርሱን በምን ይፍቃል?»

ውሃው ይፈሳል።

«እማዬ፣ ዝሆን ጥርሱን በምን ይፍቃል?»

አባቴ ደረሰ። እገፈተራለሁ ብዬ ጥግ ያዝኩ፤ እሱ ግን እኔ መኖሬንም ያየ አይመስልም። ሁለት መዳፉን በሩ ላይ ለጠፈ፣ ግንባሩን አስጠጋ። ያ ሙሉ መናኸሪያ የሚሞላው ድምፅ የሰንበሌጥ ያህል ቀጥኖ ወጣ። «እኔ ነኝ» አለ። «ክፈቺልኝ። እኔ ነኝ።» ወደ ኋላ ሄዶ በትከሻው ሊመታው ተዘጋጀ።

ያኔ ከውስጥ፣ የቆየ ጥያቄ መልሱ አሁን ትዝ እንዳለው ሰው፣ ቀስ ብላ፣ «በሎሚ» አለች።

መቀርቀሪያው ተከፈተ።

እናቴ ቆማ ነበር። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጠርሙሱ ማጠቢያው ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ባዶውን ተዘቅዝቋል፤ ቧንቧው ላዩ ላይ ይፈሳል። አባቴ ፊቷን በሁለት እጁ ያዘ። አፏን አሸተተ። ጣቶቿን አንድ በአንድ አሸተተ። ከዚያ ተመልሶ አፏን አሸተተ። እኔ ኮንትሮባንድ የሚፈትሽ መሰለኝ፤ በመናኸሪያው በር ላይ ፈታሾቹ ሻንጣ እንደዚያ ነው የሚያዩት።

«ጠብታ?» አላት።

«ጠብታም» አለች። «ደፋሁት።»

አባቴ እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጠ። ቁጭ ማለት አልነበረም፤ እንደ ከረጢት መውረድ ነበር። እናቴ ትንሽ ቆይታ አጠገቡ ወረደች። እሱ አልተማታም፣ አልተሳደበም፤ በጣም ግራ ገባኝ።

«ማይኩን ዘግተኸዋል?» አለችው።

«አልዘጋሁትም።»

«ሰዎቹ ታዲያ የት እንደሚሳፈሩ በምን ያውቃሉ?»

«ይጠይቁ።»

መልሱን እንደሰማ ሁሉ የአክስቴ ድምፅ በመስኮቱ ገባ። ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ቀርታ፣ መንገደኛ ከቧት፣ መላ ስታጣ ማይክሮፎኑን ይዛለች። «ክቡራን… ኧረ አትግፉኝ… ክቡራን፣ ይሄ ቀዩ አውቶቡስ ወዴት ነው የሚሄደው? ሾፌሩ የት አለ? ማነህ አንተ፣ ሸሚዝህን ማን ነው እንዲህ ያጠበልህ?»

እናቴ ፊቷን በጉልበቷ መሀል ቀብራ ተንቀጠቀጠች። እየሳቀች መስሎኝ እኔም ሳቅሁ። ተሳስቼ ነበር፤ ግን ሙሉ በሙሉም አልተሳሳትኩም።

አክስቴ ያን ቀን አውቶቡሷን አልያዘችም። አመሻሽ ላይ አባቴ ጓሮ ይዟት ወጣ፤ ምን እንዳላት አልሰማሁም፤ ተመልሳ ስትገባ ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ነበር። ለብዙ ጊዜ እኛ ዘንድ ተቀመጠች። በማግሥቱ ጠዋት ስነሳ ያቺ የበረኪና እመቤት ጓሮ ውስጥ እጅጌዋን ሰብስባ የእኛን አንሶላ ከሎሚ ጋር ትቀቅላለች፤ እናቴ አጠገቧ ተቀምጣ ትቆርጥላታለች። ነጭ በነጭ ከአጥር ማዶ ሆና፣ «እርስዎም?» ብትላት፣ አክስቴ፣ «ጨርቁ ስስ ነው» አለቻት። «ስስ ጨርቅ በቀስታ ነው የሚያዝ።» ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ ሆቴሉም ዘመድም አልሰማም። አባቴ የእሷን ወሬ በመፍራቱ ተሳስቶ ነበር።

እናቴ ራሷ የነገረችኝ እኔ ካደግሁ በኋላ ነው፤ መስኮት በጋዜጣ እየወለወልን ሳለን፣ እኔን ሳታይ። «ከፍቼው ነበር» አለችኝ። «ክዳኑን ከፍቼ ቆሜ ነበር። ከዚያ ድምፁ ቆመ። አባትሽ አውቶቡስ ቢገለበጥ ድምፁ አይቆምም። እየሮጠ ነው አልኩ። እንደዚያ ወፍሮ፣ እዚያ ዳገት ላይ፣ ልቡ ትቆማለች ብዬ ፈራሁለት።» መስታወቱ ላይ ተነፈሰችና ወለወለችው። «አንቺ ደግሞ በሩ ላይ ዝሆንሽን ይዘሽ መጣሽ። ሰው አታስቀምጡም እናንተ። ደፋሁት።»

አባቴ ግን ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ጡረታ ወጣ፣ ድምፁ ሳሳ፣ አክስቴ ሞተች፣ ጠባሳዋን የያዘችው ጠረጴዛ ወደ እኔ ቤት መጣች። አዋጁ አልተሻረም።

ባለፈው ክረምት እኔም ከሆስፒታል ተመለስኩ። እኔም የምጠብቀው ነበረኝ፤ ቀረ። ባለቤቴ ሥራ እንደወጣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኝቼ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ። ዝም አልኩ። እንደገና ተንኳኳ። ከዚያ ከውጭ፣ «ዓሣ ይጠማዋል?» የሚል ያረጀ ድምፅ መጣ። ተነስቼ ከፈትኩ።

አባቴ የሎሚ ከረጢት ተሸክሞ ቆሟል። አይዞሽ አላለም፣ ምን ሆንሽ አላለም። በቀጥታ ኩሽናዬ ገባ፤ ጉልበቱ እየተንቋቋ፣ ወገቡን እየደገፈ፣ ወንድ ልጅ እንደሆነ የማያየው ቦታ ድረስ ጎንበስ አለ። ከማጠቢያው ሥር በረኪናዬን አወጣው፣ መስኮቱን ከፈተ፣ ጠርሙሱን ደፋው፣ ውሃውን ለቀቀበት፣ ባዶውን ፕላስቲክ ለሁለት አጠፈው። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ሎሚዎቹን ጠረጴዛዋ ላይ ሊዘረግፍ አለና ጠባሳዋን አይቶ ትሪ ላይ ዘረገፋቸው።

«አባዬ» አልኩት። «እኔ እኮ ደህና ነኝ።»

«ጥሩ።»

«ለምን እንደምታደርገው አውቃለሁ። እማዬ ነግራኛለች። አንድ ጊዜ ብቻ ካንተ አፍ ልስማው።»

አንድ ሎሚ አንስቶ በመዳፉ ሥር አሽከረከረው፣ እንዲለሰልስ፤ ረጅም ጊዜ አሽከረከረው። ጉሮሮውን ሲጠራርግ የድሮው ማይክሮፎን ፊቱ የተደቀነ መሰለኝ።

«ምክንያት አይነገርም» አለ። «ቢላዋ አምጪ፤ ሁለት።»